በመዝገብ ያልሰፈረው ሐይቅ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዛሬ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ከቦርሳው 11 ገጽ ያለው መጠይቅ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና «እስቲ ይህን ነገር አንተ ተመልከትልኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ጭንቅላቴ አልቀበል ብሏል» አለኝ። መጠይቁ የመጣው ከአንድ አውሮፓዊ ቡና ገዢ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የተለመደ ነው፤ የድርጅቱ ስም፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥር፣ አድራሻ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰፍሯል፦ ንግዳችሁ ከተፈጥሮ በሚያገኛቸው በየትኞቹ አገልግሎቶች ላይ ተደግፎ ቆሟል? ከእነዚህ አንዱ ቢቋረጥ የሚደርስባችሁ ጉዳት በገንዘብ ሲተመን ስንት ይሆናል?

ባልደረባዬ በባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ «ዝናብ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

ሁለታችንም ሳቅን። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ያ ሳቅ እየከነከነኝ ሄደ። ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ ቀደም አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበርና፤ ያውም ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ያውም ያለ አንዳች ወረቀት፣ ያውም በሐሮማያ ሐይቅ ዳር ቆሞ።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ በአንድ የኦዲት ድርጅት በጀማሪነት ከተቀጠርኩ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከአለቃዬ ጋር ወደ ምሥራቅ ተላክን። የምንመረምረው ድርጅት (ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረምና) በሐይቁ ዳር የራሱ ፓምፕ የነበረው መለስተኛ የምግብ ማቀነባበሪያ ነው። ያን ጊዜ በዚያ ያለፈ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥቶ የጨረሰ መንገደኛ ሐረር ሳይደርስ ከመንገዱ ዳር ሐይቁን ያገኘው ነበር። ብዙዎች በቀድሞው አጠራር «ዓለማያ» ይሉታል። የሐረር ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ከዚያ ነበር የሚመጣው።

የንብረት ቆጠራ የጀማሪ ኦዲተር ዕጣ ነው። አለቃዬ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቡና ሲጠጣ እኔ ወንበር እቆጥራለሁ። ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሁለት የማይሠሩ የጽሕፈት መኪናዎች፣ ሁሉም በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በሦስተኛው ቀን ወደ ፓምፕ ቤቱ ወረድኩ። የፓምፑ ሠራተኛ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ነበሩ። መዝገቡን እያየሁ «ፓምፕ፣ አንድ፤ ሞተር፣ አንድ» እያልኩ ምልክት ሳደርግ ዝም ብለው ይመለከቱኝ ነበር። ቧንቧው ላይ ስደርስ ግን ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። በመዝገቡ ላይ ቧንቧው አራት ጊዜ በተለያየ ቀን ተመዝግቧል።

«አባባ፣ ይህ ቧንቧ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«አንድ ነው ልጄ። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቀጥለነዋል። ውኃው ሲሸሽ እኛ ስንከተለው።»

ዞር ብዬ ስመለከት፣ እውነትም ከፓምፕ ቤቱ እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ቀድሞ የሐይቅ ወለል የነበረ ደረቅ መሬት ተዘርግቷል። ከፊሉ ታርሶ አትክልት ተተክሎበታል። አረጋዊው በእጃቸው ወደ ውኃው አመለከቱና «ፓምፑን ቆጠርክ፣ ቧንቧውንም ቆጠርክ፤ ያንንስ የት ጻፍከው?» አሉኝ።

ለአዋቂ ሰው የማይመለስ ጥያቄ ሲቀርብ እንደሚደረገው ሁሉ ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

ማታ በሆቴሌ ክፍል ውስጥ ሒሳቡን ስሠራው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። አራቱም የቧንቧ ቅጥያዎች «ቋሚ ንብረት» በሚለው ሥር ገብተዋል። ይህ በሒሳብ አያያዝ ደንብ ስሕተት አይደለም፤ ከዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ ተገዝቶ ተተክሏልና። ውጤቱን ግን አስቡት! ሐይቁ በሸሸ ቁጥር የድርጅቱ ሀብት በመዝገብ ላይ ያድግ ነበር። ውኃው ራሱ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ያለው የናፍጣ ወጪ፣ የፓምፕ ጥገና፣ የአረጋዊው ደመወዝ ነው። ያለዚያ ውኃ ድርጅቱ አንዲት ቀን ሊሠራ አይችልም፤ ሆኖም የውኃው ዋጋ ዜሮ ነው።

በሥራ ወረቀቴ ላይ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። የሐይቁ መሸሽ ድርጅቱ በሥራው መቀጠሉን ጥርጣሬ ውስጥ ሊከት ይችላል የሚል ነበር። አለቃዬ አነበበና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «አንተ ኦዲተር ነህ ወይስ ዓሣ አጥማጅ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡንም ጠንቅቆ ያውቃል። ድርጅቱ በሥራው ይቀጥላል አይቀጥልም ለማለት ኦዲተር የሚመለከተው ቢያንስ የመጪዎቹን 12 ወራት ሁኔታ ነው። በ12 ወራት ውስጥ ሐይቁ እንደማይደርቅ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ስለዚህ አለቃዬ ልክ ነበር። የመጨረሻውን ሪፖርት በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ «የድርጅቱን የሀብትና የዕዳ ሁኔታ በትክክል ያሳያል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጭምር።

ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ድርጅቱም ሥራውን እያጠፈ ሄዶ በቀን ሙያተኛነት ያሳደራቸውን ሰዎች አሰናበተ። አረጋዊው ከእነርሱ መካከል እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። የሐረር ነዋሪ ጀሪካን ተሸክሞ ቦቴ ሲጠብቅ የታየበት ዘመን ያ ነው።

ማን አደረቀው? ብትሉኝ አንድ ተጠያቂ ልሰጣችሁ አልችልም። ከተማው ይጠጣው ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በትንንሽ ሞተር እየሳቡ ጫትና አትክልት ያጠጡበት ነበር። ዛፋቸው ያለቀ ኮረብቶች አፈራቸውን በየክረምቱ ያራግፉበት ነበር። ፀሐይም የድርሻዋን ትወስዳለች። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሰው አንድ የሚያደርገው ነገር አለ። ገበሬው የናፍጣውን ወጪ ያውቃል፤ የጫት ነጋዴው የመኪናውን ኪራይ ያውቃል፤ የውኃ አገልግሎቱ የኬሚካሉንና የመብራቱን ሒሳብ ያውቃል፤ የእኛ ድርጅት የቧንቧውን ዋጋ ያውቃል። ከሐይቁ ስንት እንደተወሰደና ስንት እንደተመለሰ በአንዱም መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሐሮማያ እያሳሳቀ ተወሰደ።

የሚያስቀው (ወይም የሚያስለቅሰው) ክፍል ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሐይቁ እየደረቀ በነበረባቸው ዓመታት የተሸጠው ጫት ሁሉ በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ውስጥ እንደ ዕድገት ተቆጥሯል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ካለ የከርሰ ምድር ውኃ መስክ ተቆፍሮ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በበርካታ ፓምፖች እየተገፋ ሐረር የሚደርስ መስመር ተዘረጋ። ለዚህ ከአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተወስዷል። ይህም ግንባታ ነውና እንደ ዕድገት ተቆጠረ። ሐይቁን መጨረሳችን ዕድገት፣ የጨረስነውን መተካታችንም ዕድገት! ሐሮማያ ሞልቶ በነበረበት ዘመን በማንም የሀብት ዝርዝር ውስጥ አልሰፈረም፤ በዕዳ ዝርዝር ውስጥ ግን ደርቆ ገባ።

(ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተፋሰሱ ላይ በተሠራው ሥራና በመልካም ዝናብ ውኃው ተመልሶ እንደታየ የምታውቁ አላችሁ። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። የተመለሰውን ውኃ የሚቆጥር መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።)

ለመሆኑ የሒሳብ ባለሙያ ሞኝ ነውን? አይደለም። ችግሩ ያለው «ሀብት» በሚለው ቃል ትርጓሜ ላይ ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ሥርዓት፣ አንድ ነገር በድርጅት መዝገብ ላይ እንደ ሀብት እንዲሰፍር ድርጅቱ ሊቆጣጠረው ይገባል ይላል። ሐይቅን ማን ይቆጣጠራል? ዝናብንስ? ንብንስ? ደንቡ ባላደራ የሆነው ለባለአክሲዮኑና ለአበዳሪው ነው፤ እነርሱ ደግሞ ማወቅ የሚፈልጉት ድርጅቱ ቢሸጥ ምን ይገኝበታል የሚለውን ነው። በዚህ ሚዛን የጎረቤት ደን ዋጋ የለውም። የቡና እርሻን ብንወስድ ተክሉ ራሱ ለብዙ ዓመት ፍሬ የሚሰጥ በመሆኑ እንደ ማሽን ተቆጥሮ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይሠራለታል። በተክሉ ላይ ጥላ የጣለው የደን ዛፍ፣ አበባውን የሚጎበኘው ነፍሳት፣ ሥሩን የሚያረጥበው ምንጭ ግን ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ገንዘቡን የሚያመጣው ይኸው ከመዝገብ ውጭ ያለው ክፍል ሆኖ ሳለ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኮስታሪካ በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ከደን አንድ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ያለው ቡና በንቦች ምክንያት 20 በመቶ የበለጠ ምርት እንደሚሰጥ ነው። ሁለት ሆኖ መውጣት ሲገባው ነጠላ ሆኖ የሚቀረው ቅርጸ ብልሹ ፍሬም በ27 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እርሻውን የሚያዋስኑት ሁለት የደን ቁራጮች ለዚያ እርሻ በዓመት 60,000 ዶላር ያህል ያስገኙለት ነበር። እነሆ ቁጥር! እነሆ ንብ በዶላር ስትተመን! የተፈጥሮ ጥበቃ ወዳጆች ሁሉ ጥናቱን ይዘው ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን የቡና ዋጋ ወረደና እርሻው ቡናውን ነቅሎ አናናስ ተከለ። አናናስ ንብ አይፈልግም። የደኖቹ ዋጋ በአንድ ጀምበር ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ደኖቹ ግን ያው ደኖች ነበሩ።

ሌላው ደግሞ ወደ እኛው ቤት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ያለው የዱር ቡና ዘረመል ለዓለም ቡና አምራቾች ምን ያህል እንደሚያወጣ አስልተው ነበር። በሽታን የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰ፣ ምርቱ የበዛ ዝርያ ለማዳቀል መነሻው እዚህ ነውና። ያገኙት ውጤት 1,458 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ በየዓመቱ 5 በመቶ ሲቀነስ ነው። መቀነሻው 10 በመቶ ከሆነ ግን ዋጋው 420 ሚሊዮን ዶላር ነው። ደኑ ያው፣ ቡናው ያው፣ ጥናቱም ያው። 5 የሚለውን ቁጥር ወደ 10 በመለወጥ ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጠፋል። ያንን ቁጥር የሚመርጠው ማን ነው? የልጅ ልጁን የሚያስብና የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት የሚያስብ ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር አይመርጡም። ሒሳብ ከፖለቲካ ነጻ ነው የሚሉኝን ሰዎች ወደዚህች ቁጥር እመራቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ ድርጅት በእውነት ሲቸግረው ተፈጥሮን መቁጠር ይችልበታል። ለዚህ ሁሌም የምጠቅሰው የፈረንሳዩን ቪተል ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቮዥ ተራሮች ግርጌ ያሉ ከብት አርቢዎች በቆሎ በብዛት መዝራትና ማዳበሪያ መጨመር ሲጀምሩ፣ ከምንጩ በሚቀዳው ማዕድን ውኃ ውስጥ ናይትሬት እየጨመረ መጣ። የተፈጥሮ ማዕድን ውኃ ተብሎ የሚሸጥ ውኃ ደግሞ በሕጉ መሠረት ተጣርቶ ሊሸጥ አይችልም። ኩባንያው ከፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አጥንቶ፣ በ1992 ለዚሁ ሥራ አንድ ድርጅት አቋቋመና ከገበሬዎቹ ጋር ድርድር ገባ። በቆሎውን ተዉ፣ ፍጉን አብላልታችሁ ተጠቀሙ፣ የምታጡትን እኛ እንከፍላለን ተባለ። መሬት ገዝቶም በነጻ እንዲጠቀሙበት ሰጣቸው። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን በአካባቢው የነበሩት 26 እርሻዎች በሙሉ ገቡበት። በምንጩ ላይ ያለ ገበሬ የሥራው ተባባሪ ተደርጎ ደመወዙ በወጪ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የሐሮማያው አረጋዊ ትዝ አሉኝ። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ «ያንንስ የት ጻፍከው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኝቷል ብዬ ነበር።

የቪተል ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም። ኩባንያው በሚገባ የቆጠረው የውኃውን ንጽሕና ነበር። የውኃው መጠን ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። ከቪተል ከተማ ሥር ያለው ጥልቅ የከርሰ ምድር ውኃ ከሚተካው በላይ እየተቀዳ መጠኑ ወረደ። ለነዋሪው ውኃ ከሌላ ቦታ በቧንቧ ይምጣ የሚል ሐሳብ እስከ መቅረብ ደረሰና ትልቅ ሕዝባዊ ተቃውሞ ተነሣ። (ቧንቧ! ደግሞ ቧንቧ!) የኋላ ኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የኩባንያው ባለቤት ኔስሌ በማዕድን ውኃዎቹ ላይ የተከለከሉ የማጣሪያ ዘዴዎችን ይጠቀም እንደነበር አመነ። ያለ ፈቃድ ጉድጓድ በመጠቀሙ ጭምር ለተከፈተበት ምርመራ በዚያው ዓመት መስከረም 2 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ስምምነት አደረገ። ለዓለም ሁሉ አርአያ ሆኖ የተጠቀሰው ድርጅት የደረሰበት እዚህ ነው። እኔ ከዚህ የተረዳሁት አንድ ድርጅት የሚቆጥረው የሚያስፈራውን ያህል ብቻ መሆኑን ነው። ናይትሬቱ ሽያጩን ያስፈራው ነበርና ቆጠረው። የመጠኑ መጉደል የሚያስፈራው ነዋሪውን ስለነበር መቁጠሩ ለነዋሪው ተተወ።

ወደ አገራችን ስመለስ ደግሞ የሚቆጥርም የሚከፍልም የለም። ቆቃን ተመልከቱ። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመዝገብ ላይ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይሠራለታል፤ ይህ ተቀናሽ የሚመለከተው ኮንክሪቱንና ተርባይኑን ነው። ቆቃን ግን እያስረጀ ያለው ጭቃው ነው። ከላይኛው አዋሽ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ውኃ ሊይዝ ከሚገባው ቦታ ጉልህ ክፍል ወስዶበታል። ላይ ያለው ገበሬ ማሳውን ቢያርከን፣ ገደሉን ቢዘጋ፣ የግድቡ ዕድሜ ይረዝማል፤ ከዚያ በታች ያለው የመብራት፣ የስኳርና የመስኖ ሥራ ሁሉ ይጠቀማል። ለዚህ ግን ደመወዝ አይከፈለውም። በየጥሩ «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ዘመቻ» ተብሎ ለቀናት በነጻ እንዲቆፍር ይጠራል። ቪተል ለገበሬው ከፍሎ ያሠራውን እኛ ገበሬውን በዘመቻ እናሠራዋለን። እርሱ የሚቆፍርበት ጉልበትም እንደ ሐይቁ ዜሮ ብር ነው።

ሕግ አልጎደለንም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል፤ ተጠቃሚ ፈቃድ እንዲያወጣና ክፍያ እንዲፈጽምም ይጠይቃል። የጋራ ሀብት ሲባል ግን የማንም ሒሳብ ያዥ አልተሾመለትም። ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ኦዲተር አይቀጥርም።

የባልደረባዬ መጠይቅም ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ከተፈጥሮ ጋር የተያያዙ የፋይናንስ መረጃዎችን ይፋ ስለማድረግ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል የመጨረሻ ምክሩን አወጣ። ድርጅቶች በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ብቻ ሳይሆን ከተፈጥሮ ምን እንደሚፈልጉ፣ ያ ቢጎድል ምን እንደሚገጥማቸው ጭምር እንዲገልጹ ይመክራል። ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚያግድ ደንብ አጸደቀ፤ የተፈጻሚነቱ ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ የቡና ማሳ የት እንደሚገኝ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት።

የሐሮማያን ነገር ያየ ሰው ይህን በደስታ ሊቀበል ይገባዋል፤ እኔም በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን መጠይቁን ገጽ በገጽ ስገልጠው አንድ ነገር አጣሁበት። ገዢው ራሱ የሚሞላው ገጽ የለውም። የእርሱ ንግድ በከፋና በያዩ ደን ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ፣ ለዚያስ ምን እንደሚከፍል የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። ቆጠራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከገዢ ወደ ላኪ፣ ከላኪ ወደ አቅራቢ፣ በመጨረሻም ግማሽ ሄክታር ወዳለው ገበሬ። የመቁጠሩ ወጪ የገበሬው፣ የተቆጠረው ነገር ጥቅም የገዢው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፑማ የተባለው የስፖርት አልባሳት ኩባንያ ያለፈው ዓመት ሥራው በተፈጥሮ ላይ ያደረሰውን ወጪ 145 ሚሊዮን ዩሮ ብሎ በግልጽ ሲያሳትም፣ ከዚህ ውስጥ በራሱ ቢሮና መደብር የደረሰው 6 በመቶ ብቻ እንደነበር ማስታወስ ያሻል። ከግማሽ የሚበልጠው ቆዳ፣ ጥጥና ጎማ በሚመረትበት ቦታ የደረሰ ነው። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ከዚያ ዓመት የትርፍ ክፍፍል ላይ ግን አንድ ዩሮ አልተቀነሰም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ተፈጥሮን በገንዘብ መተመን ራሱ ነውር ነው ይሉኛል። የእኛ ሰው «ጡር አለው» የሚል ሌላ ሒሳብ ነበረው፤ ምንጭ ማደፍረስ፣ ውኃ በከንቱ ማፍሰስ ጡር አለው ይባል ነበር። ልክ ናቸው፤ እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ጡር ግን ሞተር አላቆመም። በሐሮማያ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ጡርን የማያውቅ ሆኖ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ባልደረባዬ እንደገና መጣና አብረን መጠይቁን ለመሙላት ተቀመጥን። የወረቀቱ ቅጂ ረቂቅ ነው፤ የሚላከው በኢንተርኔት ነው። ከ«ዝናብ» በታች የደን ጥላ፣ ንብ፣ አፈር እያልን ጻፍን። ድርጅቱ በጅማ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ እንዳለው አውቃለሁና «ማጠቢያው ውኃ ከየት ያገኛል?» አልኩት።

«ከወንዙ ነዋ።»

«ወንዙ እንዴት ነው?»

«ታኅሣሥ ላይ ትንሽ ይሳሳል። ዘንድሮ ፓምፑን ወደ ላይ ለማውጣት ቱቦ ቀጥለናል፤ አምናም ቀጥለን ነበር።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ቱቦውን በየትኛው ሒሳብ መዘገባችሁት?»

ጥያቄው ገርሞት አየኝ። «ቋሚ ንብረት ነዋ! አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

ታሪኩን ነገርኩት፤ አረጋዊውን፣ አራቱን ቅጥያ፣ ቀዩን እስክሪብቶ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «የጉዳቱ መጠን» በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ቱቦ እንደቀጠሉ፣ ርዝመቱን በሜትር፣ የወንዙንም ስም ጨምሮ በጥንቃቄ ጻፈ። ላክ የሚለውን ሲጫን በቀይ ፊደል መልስ መጣ፤ ሣጥኑ ከገንዘብ ቁጥር በቀር ሌላ ነገር አይቀበልም።

ሦስት ጊዜ ሞከርን። በአራተኛው ዜሮ ጻፈና ላከው።